የፓርኪንሰን ኪኒን፣ የአሳ ምሳና የበሩ ደፍ

ቤት ውስጥ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ካለ ከሁሉ በፊት የሚስተካከለው የኪኒኑ ሰዓት ነው። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚል ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ሌላ መድኃኒት ሳይሆን ያንኑ ኪኒን ከምግብ አርቆ መዋጥ ነው። ሐዋሳ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምሳው አሳ ነውና።

መጀመሪያ ሕመሙን መለየት ይገባል። እንቅስቃሴን የሚመራውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻም ይገትራል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ይጀምራል፦ ሲራመዱ አንዱ እጅ አይወዛወዝም፣ የእጅ ጽሑፍ እያነሰ ይሄዳል፣ ጭን ላይ ያረፈ እጅ ይንቀጠቀጣል። ስኒ ሲያነሱ ብቻ የሚንቀጠቀጥ እጅ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ስለዚህ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ የነርቭ ሐኪም፣ እሱ ካልተገኘ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይየው። የአንድ ጎን እጅና እግር በድንገት ከዛለ ወይም አፍ ከተጣመመ ግን ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል አድርሱ።

ዋናው መድኃኒት አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ሌቮዶፓ ነው፤ አንጎል ሳይደርስ እንዳይባክን ከሚረዳው ከካርቢዶፓ ጋር በአንድ ኪኒን ተቀላቅሎ ይመጣል። ኪኒኑ ላይ 25/250 ተብሎ ከተጻፈ 25 ሚሊግራም ካርቢዶፓና 250 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ማለት ነው፤ ግማሹ 125 ሚሊግራም ሌቮዶፓ አለው። ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል የሚገባው ከሥጋ፣ ከአሳ፣ ከእንቁላልና ከወተት ፕሮቲን የሚገኙ አሚኖ አሲዶች በሚያልፉበት መንገድ ነው። አንድ ላይ ሲደርሱ ይሻሙና መድኃኒቱ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይታወቅ ያልፋል። 100 ግራም የቆሮሶ አሳ ሥጋ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን አለው። አንድ ሙሉ ጥብስ በልተው ወዲያው ኪኒን የዋጡ አባት ከሰዓት በኋላውን ወንበር ላይ ተገትረው ቢያሳልፉት አይገርምም።

ስለዚህ ኪኒኑ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጥ። በቀን ሦስት ጊዜ ከታዘዘ ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ማድረግ ይቻላል፤ ቁርሱ 1፡30፣ ምሳው 6፡30 ይሆናል። የስልክ ደወል ሙሉ፤ ሩብ ሰዓት ማርፈድ እንኳ የሚታወቃቸው ሕመምተኞች አሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆድ ካቅለሸለሸ ቆጮ ወይም ደረቅ ዳቦ በትንሹ ማስቀደም ይረዳል። ቆጮ ፕሮቲኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ ለዚህ ይመቻል፤ ወተትና አይብ ግን አይጨመርበት። የብረት ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ቢያንስ 2 ሰዓት ይራራቅ።

አሳውን ከልክሏቸው ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ፕሮቲን የተከለከለ ሕመምተኛ ይከሳል፣ ጡንቻውም ይሟሽሻል። የኪኒኑ ኃይል ቀን ላይ ቶሎ የሚያልቅባቸው ከሆነ አሳውን ወደ እራት አዙሩት፤ ምሳው ቆጮ በጎመን ይሁን።

ሁለት ነገሮች አደገኛ ናቸው። አንደኛው ኪኒኑን በድንገት ማቋረጥ ነው፤ ከባድ መገተርና ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግዙ። ሁለተኛው ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ ነው፤ ፕላሲል በሚል ስምም ይታወቃል። ዶፓሚንን ስለሚያግድ ሕመሙን ያብሳል፤ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶቹ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንም እንደዚሁ። ፋርማሲም ሆነ ክሊኒክ ስትሄዱ «ፓርኪንሰን አለባቸው» ብላችሁ ጀምሩ። ሽንት ወይም ላብ ቢጠቁር ግን ከመድኃኒቱ ነው፤ አያስፈራም።

አሁን ወደ እግር። በር ላይ ሲደርሱ፣ ሲዞሩ ወይም ጠባብ ቦታ ሲገቡ እግር መሬት ላይ እንደተጣበቀ ቀጥ ይላል። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት እጅ ይዞ መጎተት ነው፤ ደረት ወደፊት ሄዶ እግር ስለሚቀር በግንባር ይወድቃሉ። ከጎናቸው ቁሙና ረጋ ብላችሁ እንዲህ በሏቸው፦ «አባባ፣ ይቁሙ። ይተንፍሱ። ክብደትዎን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ያድርጉ። አሁን በሰፊው ይራመዱ፤ አንድ፣ ሁለት።» ካልሆነ የራሳችሁን እግር ከፊታቸው አግድም አስቀምጡና እንዲሻገሩት ጠይቁ። እግሩ ራሱ ደህና ነው፤ የደከመው ጉዞውን ሳይታሰብበት የሚያስጀምረው የአንጎል ክፍል ነው። ዓይን የሚሻገረው መስመር ሲያገኝ እንቅስቃሴው በሌላ መንገድ ይነሳል። ለዚህም በሩ አካባቢ ወለሉ ላይ ደማቅ ፕላስተር አግድም ለጥፉ፤ በመስመርና በመስመር መካከል እንደ እርምጃቸው ከ40 እስከ 50 ሳንቲሜትር ይሁን። ምንጣፉን አንሱ። ሲዞሩ ባሉበት አይሽከርከሩ፤ ሰፋ አድርገው በአራት በአምስት እርምጃ ይዙሩ። እየተራመዱ ሳለ አታናግሯቸው።

ለቡና ዱካ ላይ አታስቀምጧቸው፤ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ይሻላል። ለመነሳት ወደ ወንበሩ ጫፍ ይጠጉ፣ ተረከዝን ከጉልበት ወደኋላ ይሰብስቡ፣ አፍንጫ ከእግር ጣት በላይ እስኪሆን ያጎንብሱ፣ ከዚያ በእጃቸው ገፋ ብለው ይነሱ። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ የደም ግፊት ሊወርድ ስለሚችል 2 ደቂቃ ጫፉ ላይ ይቀመጡ። ባጃጅ ላይ እግር አስቀድሞ መግባት ያደናቅፋል፤ መጀመሪያ መቀመጫው ላይ በጎን ይቀመጡ፣ ከዚያ እግራቸውን አንድ በአንድ ያስገቡ። የሐይቁ ዳር ለእግር ጉዞ ጥሩ ነው፤ ኪኒኑ መሥራት የጀመረበትን ሰዓት ምረጡ።

ውኃ ሲጠጡ ወይም ሲበሉ ካሳላቸው ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጫቸውን ዝቅ አድርገው ይዋጡ፣ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ አይተኙ። ሳሉ ከተደጋገመ ወይም ትኩሳት ከተከተለ ሐኪም ይያቸው።

ከቀጠሮ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ ኪኒኑ የተዋጠበትን ሰዓት፣ የተበላውን፣ ሰውነት የፈታበትን ሰዓት፣ እንደገና የተገተረበትን ሰዓት። ሐኪሙ መጠኑን ይጨምር ወይስ ሰዓቱን ያቀራርብ የሚወስነው ከዚህ ወረቀት ነው።