የልብ የጫና ምስል ምርመራን እንዴት መዘጋጀትና ማለፍ ይቻላል?

የልብ የደም ቧንቧ ጠቦ እንኳ ሰውየው ባረፈበት ሰዓት ለልብ ጡንቻ በቂ ደም ሊያደርስ ይችላል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ልብ ሥራ ሲበዛበት ነው። በዚህ ምክንያት በጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚደረገው ምርመራ ልብን አንድ ጊዜ በዕረፍት፣ አንድ ጊዜ በጫና ላይ አንሥቶ ሁለቱን ምስሎች ያነጻጽራል። ሁሉም ነገር ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ያን ቀን ሌላ ቀጠሮ አይያዙ።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። ቢያንስ ለ12 ሰዓት፣ በብዙ ቦታ ደግሞ ለ24 ሰዓት፣ ቡና፣ ሻይ፣ ኮላና ቸኮላት፣ ካፌይኑ ወጥቶለታል የሚባለው ቡናም ጭምር አይወሰድም፤ ካፌይን ልብን ለመፈተን የሚሰጠውን መድኃኒት ሥራ ያከሽፋልና። አንዳንድ የራስ ምታት ክኒኖችም ካፌይን አለባቸው። ረስተው ከጠጡ ሳያፍሩ ይናገሩ፤ ቀጠሮ መለወጥ የተሳሳተ ውጤት ይዞ ከመመለስ እጅግ ይሻላል። የልብ ምትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አንዳንድ ጊዜ ይቋረጣሉ፤ ነገር ግን ሐኪምዎ ሳያዝዙ በራስዎ አያቁሙ። አስም፣ የስኳር በሽታ፣ እርግዝና ወይም ጡት ማጥባት ካለ አስቀድሞ መነገር አለበት።

ከደረሱ በኋላ በክንድዎ ደም ሥር ላይ ቀጭን ቱቦ ይገባና በጥቂት መጠን ንጥረ ነገሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቴክኒሺየም፣ ይሰጥዎታል። የጨረር ኃይሉ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ጥቂት ከቆዩ በኋላ እጆችዎን ከራስዎ በላይ አድርገው ተኝተው ካሜራው ደረትዎን ያነሣል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሳይነቃነቁ መቆየት ትከሻን ቢያደክምም ምስሉ የሚጠራው በዚህ ነው።

ቀጥሎ የጫናው ክፍል ይመጣል። መራመድ የሚችል ሰው የልብን ኤሌክትሪክ የሚከታተሉ ገመዶች ደረቱ ላይ ተለጥፈውለት በመራመጃ ማሽን ላይ ይወጣል፤ በተለመደው አሠራር ፍጥነቱና ዳገቱ በየ3 ደቂቃው ይጨምራል። ግቡ ብዙውን ጊዜ ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ ከሚገኘው ቁጥር 85 በመቶ ላይ መድረስ ነው፤ ለ60 ዓመት ሰው በደቂቃ 136 ምት ያህል ማለት ነው። መራመድ ለማይችል ሰው የልብን የደም ቧንቧዎች የሚያሰፋ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ፊት መጋል፣ የደረት መጨነቅና የትንፋሽ ማጠር ሊሰማ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ብርቱ መስሎ ለመታየት ሕመሙን ውጦ ዝም ይላል። እባክዎ እንዲህ አያድርጉ፤ የደረት ሕመምና ማዞር በተሰማ ቅጽበት መነገር ያለበት፣ ራሱም የምርመራው አካል የሆነ መረጃ ነው።

ጫናው ከፍ ባለበት ሰዓት ንጥረ ነገሩ ዳግመኛ ይሰጣል፤ በማሽን ላይ ያለ ሰውም አንድ ደቂቃ ያህል መራመዱን ይቀጥላል። ንጥረ ነገሩ በዚያች አጭር ጊዜ ደም በደረሰበት ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር፣ ሁለተኛው ምስል ዘግይቶ ቢነሣም የሚያሳየው ልብ ሲለፋ የነበረውን የደም ሥርጭት ነው።

ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ በጫና ጊዜ ብቻ የደበዘዘ ቦታ ካለ የደም እጥረትን ይጠረጥራል፤ በሁለቱም ላይ የደበዘዘ ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ የቀድሞ የልብ ጥቃት (ደም ተቋርጦበት የልብ ጡንቻ ሲሞት) የተወው ጠባሳ ነው።