ደሴ ላይ የጸና ኦቨርክሎክ ኮምቦልቻ ላይ ሲወድቅ፦ ችግርና መፍትሔ

ራስዎ በገጣጠሙት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ፋብሪካው ከወሰነለት በላይ ካሳደጉ፣ ማለትም ኦቨርክሎክ ካደረጉ በኋላ ማሽኑ ሲያስቸግርዎ ጥፋቱን ሁሉ በአዲሱ ቅንብር ላይ ማላከክ ይቀላል። ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን ካጋጠሙኝ ብልሽቶች አብዛኞቹ ግን ከቅንብሩ በፊት የነበሩና ፍጥነቱ ሲጨምር የተገለጡ ናቸው፤ የሚዋዥቅ መብራት፣ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ፣ የደረቀ ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አሳላፊ ቅባት)፣ በአቧራ የታፈነ ፋን። ስለዚህ አንድም ቁጥር ሳይቀይሩ ማሽኑን በፋብሪካ ቅንብሩ ላይ እንዳለ ሲኔቤንች ወይም ኦሲሲቲ በተባለው መፈተኛ ለአንድ ሰዓት ያህል ያስጨንቁትና ሙቀቱን በወረቀት ይመዝግቡ። በዚህ ፈተና የወደቀ ማሽን መጠገን እንጂ መፍጠን አያስፈልገውም።

ባዮሱ ውስጥ ፍጥነት መጨመሪያው አይታይም

የፕሮሰሰር ፍጥነት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋኸርዝ የሆነውን መነሻ ምት በማባዣ ቁጥር በማባዛት ነው፤ ማባዣው 42 ከሆነ ፍጥነቱ 4.2 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ይህን ቁጥር ባዮሱ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር ገጽ፣ ሬሾ ይለዋል። ሬሾው የማይታይ ወይም የማይቀየር ከሆነ ዕቃው አልተበላሸም፤ ተቆልፏል። ከኢንቴል ወገን በጥቅሉ ክፍት የሆኑት በስማቸው መጨረሻ ኬ የሚል ፊደል ያለባቸው ፕሮሰሰሮች ሲሆኑ፣ ማዘርቦርዱም ስሙ በዜድ የሚጀምር ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና ተቆጣጣሪ ቺፕ) ሊኖረው ይገባል። የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ ክፍት ቢሆኑም እንደ ኤ320 እና ኤ520 ያሉ ርካሽ ቺፕሴቶች አይፈቅዱም። መነሻ ምቱን ራሱን ከፍ በማድረግ ቁልፉን ለማለፍ መሞከር ለጀማሪ አይሆንም።

ቅንብሩን አስቀምጠው ሲያስነሱት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል

በመጀመሪያ ይታገሡ። በተለይ ዲዲአር5 ራም ያለው ማሽን ቅንብሩ ሲቀየርበት ራሙን እንደገና ለማላመድ ደቂቃዎች ሊወስድ ስለሚችል፣ በዚያ መሃል ማጥፋት ነገሩን ያባብሰዋል። ብዙ ማዘርቦርዶች ጥቂት ጊዜ ሞክረው ካልተሳካላቸው ራሳቸው ወደ ቀድሞው ቅንብር ይመለሳሉ። ካልተመለሰ ገመዱን ከሶኬት ነቅለው፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ካስወጡ በኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ለአምስት ደቂቃ ያህል ያውጧት፤ ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ነገር መቀየር ነው፤ ፕሮሰሰሩንና ራሙን በአንድ ቀን የነካ ሰው የትኛው እንደጣለው ሊያውቅ አይችልም።

ከባድ ሥራ ሲጀመር ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል

የስህተቱ ቁጥር በ124 ወይም በ101 የሚያልቅ ከሆነ በአብዛኛው ፕሮሰሰሩ ለተጠየቀው ፍጥነት የሚበቃ ቮልቴጅ አላገኘም ማለት ነው። እዚህ ላይ የጀማሪ እጅ ቀድሞ የሚሄደው ቮልቴጁን ወደ መጨመር ነው፤ እኔ ግን ማባዣውን በአንድ ቁጥር ዝቅ ማድረግን አስቀድማለሁ። ፕሮሰሰር የሚስበው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በልክ ሲጨምር፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ይጨምራል። ከ4.2 ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ ለማለፍ ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.30 ከፍ ቢያደርጉ ፍጥነቱ በ7 በመቶ ሲያድግ ኃይሉ በ26 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ 65 ዋት ይስብ የነበረው ወደ 82 ዋት ይደርሳል ማለት ነው። ይህ ለ7 በመቶ የማይከፈል ዋጋ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል አልልም። ቢጨምሩም በ0.01 ቮልት እየረገጡ፣ በየደረጃው እየፈተኑ ይሂዱ፤ በማራገቢያ ብቻ ለሚቀዘቅዝ ማሽን ጀማሪ ከ1.30 ቮልት ባያልፍ እመክራለሁ። ቮልቴጁን አውቶ ላይ መተውም አስተማማኝ አይደለም፤ ማዘርቦርዱ ማሽኑ እንዳይወድቅበት ሲል ከሚያስፈልገው በላይ ሊጭን ይችላል።

የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ካለዎት ደግሞ ከኦቨርክሎክ በፊት ባዮሱን ያድሱ። በነዚህ ትውልዶች አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ላይ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ጉዳት ያደርስ እንደነበር ኢንቴል በ2024 እ.ኤ.አ. አስታውቆ ማስተካከያውን ያወጣው በባዮስ እድሳት በኩል ነው። እድሳቱ እየተጻፈ መብራት ቢሄድ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሳ ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) አይጀምሩት።

ፍጥነቱ ጨምሯል ይላል፣ ሥራው ግን ዘገየ

ይህ የሙቀት ምልክት ነው። ፕሮሰሰሩ እንደ ዓይነቱ 95 ወይም 100 ድግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያለው ወሰኑ ላይ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ 4.5 ያዘዙት ማሽን ከባድ ሥራ ላይ 3.8 ሆኖ ይገኛል።

ጥር ላይ ደሴ ውስጥ ያስተካከልኩለት አንድ ወጣት ግንቦት ላይ ከኮምቦልቻ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ያ ማሽን እኮ ከበፊቱም ባሰበት» አለኝ። ደሴ ላይ ክፍሉ 16 ድግሪ ሳለ ፕሮሰሰሩ በፈተና ጊዜ 80 ድግሪ ላይ ቆሞ ነበር። የክፍል ሙቀት በጨመረ ልክ የፕሮሰሰሩም ሙቀት በዚያው ያህል ስለሚጨምር፣ 30 ድግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ያው ማሽን ያለ ምንም ብልሽት 94 ይደርሳል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየሩ ደሴ ላይ ከባሕር ወለል ይልቅ በሩብ ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በአምስተኛ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ፋኑ በሁለቱም ቦታ የሚገፋው አየር ቀላል ነው። ደሴ ላይ ይህን ጉድለት ብርዱ ይሸፍነዋል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ሐረጎን ቁልቁል ሲወርዱ ግን መሸፈኛው ይቀራል፣ ጉድለቱ ይከተላል።

ማሽኑን ሄጄ ስከፍተው ሌላም ነገር አገኘሁ። ከባዱን ማቀዝቀዣ በጣቴ ገፋ ሳደርገው እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀ፤ ከአራቱ ብሎኖች አንዱ በሚኒባሱ መንገድ ላልቶ፣ ፔስቱ በአንድ ወገን ብቻ ነበር የተጫነው። ብሎኖቹን በመስቀለኛ ተራ ጥቂት በጥቂት አጥብቄ፣ አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርጌ የአተር ፍሬ ያህል አዲስ አድርጌ፣ ማባዣውን በሁለት ቁጥር ዝቅ ሳደርገው 84 ላይ ረጋ። ስለዚህ ማሽን ከተጓዘ በኋላ ማቀዝቀዣውን፣ ራሙንና የግራፊክስ ካርዱን በእጅ ሳይፈትሹ አያብሩት። አቧራውንም በብሩሽ ሲያራግፉ የፋኑን ክንፍ በጣትዎ ይያዙት። ማባዣውንም ቤትዎ በዓመት ውስጥ በሚሞቅበት ወር ልክ እንጂ በሚቀዘቅዝበት ወር ልክ አይወስኑት።

ያለ ሰማያዊ ስክሪን፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጥፍት ይላል

ፕሮሰሰሩ ከመጠርጠሩ በፊት ኃይሉ ይጠርጠር። በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ የሚል ከሆነ መልሱ ግማሽ በግማሽ ተገኝቷል፤ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ምጣድ በቀጭን ሽቦ ላይ 220 ቮልቱን ይጎትተዋል፣ ኦቨርክሎክ የተደረገው ማሽን ደግሞ በዚያው ቅጽበት ከወትሮው የበለጠ ይጠይቃል። ምጣዱ ባልተሰካበት ሰዓት ያንኑ ፈተና ደግመው ካልጠፋ የሚያስፈልግዎ ስታብላይዘር ወይም የተለየ መስመር ነው። ዩፒኤስ ሲገዙም 650 ቪኤ የተጻፈበት 650 ዋት እንደማይሰጥና ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት እንደማያልፍ ይወቁ።

ምጣድ በሌለበትም ከጠፋ ፓወር ሰፕላዩን ያውጡና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። ጎልቶ በተጻፈው ዋት አይመኑ፤ እኔ ራሴ 600 የሚል ጽሑፍ አምኜ ገዝቼ ተታልያለሁ። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚመገቡት በአብዛኛው ከ12 ቮልቱ መስመር ስለሆነ የዚያን መስመር አምፔር በ12 ያባዙ፤ 25 አምፔር ከሆነ 300 ዋት ነው፣ ሌላው ጽሑፍ ጌጥ ነው። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መምረጫ ካለው 230 ላይ መሆኑን አይተው ይሰኩት፤ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ይፈነዳል።

መብራት በሄደ ቁጥር ቅንብሩ ይጠፋል

ሰዓቱና ቀኑም አብረው ወደ ኋላ ከተመለሱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ያቺ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አልቃለች። ሲአር2032 የምትባለውን ገዝተው ይተኩ።

ማሽኑ አይወድቅም፣ ፋይሎች ግን ይበላሻሉ

ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው፤ ድምፅ የለውምና። የታመቀ ፋይል ሲፈታ ስህተት ካሳየ፣ ትናንት ይከፈት የነበረ ፎቶ ግማሹ ግራጫ ከሆነ፣ ራሙ ከተሰጠው ፍጥነት ጋር አልተስማማም ማለት ሊሆን ይችላል። 3200 የሚል ዲዲአር4 ራም ያንን ፍጥነት ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ኤክስኤምፒ የተባለው ቅንብር ሲበራና ቮልቴጁ ከ1.2 ወደ 1.35 ሲያድግ ነው፤ ስለዚህ እሱም ራሱ ኦቨርክሎክ ነው። ኤክስኤምፒን ያጥፉ፣ ሜምቴስት86 የተባለውን መፈተኛ በፍላሽ ጭነው ማታ ያስጀምሩና አራቱን ዙር ይጨርስ። አንድም ስህተት ካልታየ ኤክስኤምፒን አብርተው ይድገሙት፤ ያኔ ስህተት ከመጣ ፍጥነቱን ወደ 3000 ወይም 2933 ያውርዱ። ሌሊት መብራት ሄዶ ፈተናው ከተቋረጠ ያለፈው ዙር አይቆጠርም፤ ከመጀመሪያው ይጀመራል፣ እስኪያልፍም ድረስ የሰው ሠርግ ፎቶ እዚያ ማሽን ላይ አይገለበጥም።