አዲስ ሞተር በአሮጌ አፍንጫ ላይ፦ ሞተር ለተቀየረላቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች ችግርና መፍትሄ

ላይካሚንግ ኦ-320 የተባለው የአውሮፕላን ሞተር 5.2 ሊትር ይዘት አለው፤ 150 ወይም 160 የፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 2700 ዙር ብቻ እየዞረ ነው። ከሱባሩ መኪና የሚወጣው 2.5 ሊትር ሞተር ተቀራራቢ ጉልበት አለው፤ ለዚያ ግን ከ5000 ዙር በላይ መዞር ይኖርበታል። ራዲያተሩ፣ የነዳጅ ፓምፖቹ፣ ኮምፒውተሩና ፕሮፔለሩን ከሞተሩ ባነሰ ዙር የሚያዞረው የፍጥነት መቀነሻ ማርሹም ተከትለውት ይመጣሉ። ሞተር የሚቀይር ሰው ዋጋውን፣ ክብደቱንና ጉልበቱን አስልቶ ነው የሚገባበት፤ እንቅልፍ የሚነሱት ግን እነዚህ ተከታዮች ናቸው።

በተከፈተ ኮፈን ስር ጎንበስ ብዬ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ሞተሩ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ያገኘሁት ከስንት አንዴ ነው። ከመኪና የወጣ ሞተር በመኪናው ውስጥ ሳለ ብዙ ሺህ ሰዓት የሠራ ነው። አዲስ የሆነበት የሚተነፍሰው አየር፣ የሚጠጣበት ቱቦ፣ የሚያስነሳው ሽቦና የሚያዞረው ፕሮፔለር ነው። ስለዚህ ቴስታታ፣ ማለትም የሲሊንደሮቹን የላይ ክዳን፣ ለማውረድ ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት ዙሪያውን ይፈትሹ።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ባለቤቱ ራሱ የሠራውንና በሙከራ ምድብ የተመዘገበውን አውሮፕላን ነው። ፋብሪካ ሠርቶት የብቃት ማረጋገጫ ያገኘ አውሮፕላን ላይ ለዚያ ሞዴል የጸደቀ የለውጥ ፈቃድ ሳይኖር ሌላ ሞተር አይሰቀልም። መሬት ላይ ሞተር ሲሞከር ጎማዎቹ ይደገፉ፣ ጅራቱ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ይታሰር፤ ማንም ሰው ከፕሮፔለሩ ጎን፣ ምላጮቹ በሚዞሩበት መስመር ላይ አይቁም።

ምልክት፦ መሬት ላይ ደህና ነው፤ ሽቅብ ሲወጣ የውሃው ሙቀት ይጨምራል

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። መኪና በሜዳ መንገድ ሲሄድ ከሞተሩ ጉልበት ጥቂቱን ብቻ ይጠቀማል። አውሮፕላን ሽቅብ ሲወጣ ሙሉውን ይጠቀማል፤ ያውም በዝግታ እየበረረ፣ ራዲያተሩ የሚያገኘው ነፋስ በደከመበት ሰዓት። ከተቃጠለው ነዳጅ ሙቀት ሲሶ ያህሉ በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል መውጣት አለበት።

መጀመሪያ መለኪያውን ይጠርጥሩ። የሙቀት ሴንሰሩን ፈትተው በፈላ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ቦታው ከባሕር ወለል ጋር እኩል ከሆነ 100 ዲግሪ አካባቢ ማሳየት አለበት፤ በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከመለኪያ ስህተት ጋር ወራት የታገሉ ሰዎች አሉ።

መለኪያው ትክክል ከሆነ የመርፌውን አካሄድ ያስተውሉ። ቀስ እያለ ሳያቋርጥ የሚወጣ መርፌ የአየር ፍሰት ማነስን ይናገራል። እየዘለለ የሚወጣና በድንገት የሚወርድ መርፌ ደግሞ በውሃው ውስጥ አየር ወይም እንፋሎት እንዳለ ይናገራል። ይህ ሁለተኛው አደገኛ ነው፤ ሴንሰሩ ከውሃ ወጥቶ በእንፋሎት ውስጥ ሲቀር ሞተሩ እየነደደ መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

አንድ ጊዜ በዚህ ዓይነት ችግር ቴስታታ አውርደን፣ በስሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ በአዲስ ቀይረን፣ መልሰን አስረን ስንሞክር መርፌው እንደበፊቱ ዘለለ። ጥፋቱ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው ቱቦ መሐል ላይ ጉብታ መሥራቱ ነበር። አየሩ እዚያ ተኝቶ ውሃውን ይገታው ነበር። ቱቦውን አቃንተን፣ የውሃ መሙያውን ከሁሉም ከፍ ካለው ቦታ ላይ አድርገን፣ ከከፍተኛው የሞተር ጫፍ ወደ መሙያው ቀጭን የአየር ማስወጫ ቱቦ ስንዘረጋ ችግሩ ዳግም አልተመለሰም። አየሩን አስወጥተው ሳለ አረፋ መምጣቱን ካላቆመ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ሊሆን ይችላል። ይህን ጋዝ ሲያገኝ ቀለሙ የሚለወጥ የመፈተሻ ፈሳሽ አለ፤ ቴስታታ የሚወርደው እሱ ከመሰከረ በኋላ ነው።

መርፌው ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ ወደ አየሩ እንሂድ። በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ፊቱን የሚመታው ነፋስ የሚፈጥረው ግፊት ውሃን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚያደርግ ብቻ ነው። ያለዎት ሀብት ይህቺው ናት። አየር ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ በራዲያተሩና በኮፈኑ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ በራዲያተሩ ክንፎች መሐል ሳይሆን በዚያ ያልፋል። ክፍተቱን ሁሉ ሙቀት በሚችል ጎማ ይድፈኑ። የመግቢያው ቀዳዳ ከራዲያተሩ ፊት ያነሰ ሆኖ እየሰፋ የሚሄድ አንገት ይኑረው፤ ነፋሱ ፍጥነቱን ጥሎ ግፊት የሚያገኘው በዚያ መስፋት ውስጥ ነው።

ብዙዎች የሚረሱት መውጫውን ነው። ከራዲያተሩ በስተጀርባ ያለው አየር መውጫ ካጣ መግቢያውን ማስፋት ምንም አይረዳም፤ እንዲያውም መጎተትን ብቻ ይጨምራል። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ አጥፈው ቀለም ያለው ውሃ እስከ ግማሽ ይሙሉ፤ አንዱን ጫፍ ከራዲያተሩ ፊት፣ ሌላውን ከጀርባው ያድርጉና ልዩነቱን በበረራ ላይ ረዳት ሰው ያንብብ። ልዩነቱ 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ ካልሞላ በኮፈኑ ታችኛ ከንፈር ላይ ወደ ውጭ ያዘነበለ ጠርዝ ይጨምሩ።

ሽቅብ ሲወጣ ብቻ ሳይሆን በዝግታ አግድም ሲበርም የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱን በሚሞቅ ውሃ ውስጥ አስገብተው መከፈቱን ይመልከቱ። እሱም ደህና ከሆነ ራዲያተሩ አንሷል።

ምልክት፦ ሞተሩ ይንተፋተፋል ወይም ይጠፋል

አጠፋፉን ይለዩ። እየሳለ፣ እየተነሳ እየወደቀ የሚሞት ሞተር ነዳጅ ተርቧል። ቁልፍ እንደዞረበት በአንድ ቅጽበት ድርግም የሚል ሞተር ኤሌክትሪክ ተቋርጦበታል። ይህ ልዩነት ፍለጋውን በግማሽ ያሳጥረዋል።

ነዳጅ ከሆነ፣ በተለይም አውሮፕላኑ ከበረራ መጥቶ በፀሐይ ግማሽ ሰዓት ቆሞ እንደገና ሲነሳ ከሆነ፣ ቤንዚኑ በቱቦ ውስጥ ተንኖ መንገዱን ዘግቷል። ፓምፕ ሲስብ ከፊቱ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ቤንዚን በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ለዚህ ነው ፓምፑን ከሞተሩ አጠገብ፣ በእሳት መከላከያው ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጎ መስቀል ጥፋት የሚሆነው። ፓምፕ መግፋት እንጂ ከሩቅ መሳብ አይሆንለትም። ከታንኩ በታች፣ ሞቃት ነገር በሌለበት ቦታ ይሁን፤ ከፊቱ ሻካራ፣ ከኋላው ረቂቅ ፊልትሮ ይግባ። ከማርሚታው አጠገብ የሚያልፍ ቱቦ የሙቀት መከላከያ ይልበስ። ትርፉን ነዳጅ የሚመልስ ሲስተም ከሆነ መመለሻው ነዳጁ ወደ ተቀዳበት ታንክ ይመለስ፤ አለዚያ አንዱ ታንክ እየሞላ በማናፈሻው ሲፈስ ሌላው ሳይታወቅ ይደርቃል። በቀዝቃዛ አገሮች ለክረምት የሚዘጋጀው ቤንዚን ይበልጥ ተናኝ ስለሆነ ድንገት ሞቃት ቀን ሲመጣ ደህና የነበረው አውሮፕላን ሊታመም ይችላል።

ከመጀመሪያው በረራ በፊት የፍሰት ሙከራ ግዴታ አድርገው ይያዙት። ባለ 100 የፈረስ ጉልበት ሞተር በሙሉ ኃይል በሰዓት 30 ሊትር ያህል ይጠጣል። የተለመደው የአቪዬሽን መለኪያ በፓምፕ ለሚመገብ የዚህን 125 በመቶ፣ በስበት ብቻ ለሚወርድ 150 በመቶ ማፍሰስ ነው። በደቂቃ ሲሰላ 625 ሚሊ ሊትርና 750 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አፍንጫውን ሽቅብ እንደሚወጣበት አንግል አንስተው፣ ታንኩ ውስጥ ጥቂት ነዳጅ ብቻ ትተው፣ ቱቦውን ከሞተሩ መግቢያ ላይ ፈትተው በመለኪያ ዕቃ ይቅዱ። አውሮፕላኑ አግድም እንደቆመ የተደረገ ሙከራ ምንም አላረጋገጠም።

ኤሌክትሪክ ከሆነ ነገሩ የከፋ ነው። የድሮው ሞተር ሁለት ማግኔቶዎች ስላሉት ባትሪው ቢሞትም ካንዴላው ይተኩሳል። የመኪናው ሞተር ግን ለእሳቱም ለነዳጁም ባትሪ ይለምናል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 በጀርመን ሽፓየር አንድ ዳይመንድ ዲኤ42፣ ከመኪና ሞተር የተወለዱ ሁለት የናፍጣ ሞተሮች ያሉት አውሮፕላን፣ ባትሪው ደክሞ ስለነበር በውጭ ኃይል ተነስቶ በረረ። ጎማዎቹ ሲታጠፉ ቮልቴጁ ለቅጽበት ወረደ፤ የሞተሮቹ ኮምፒውተሮች እንደ አዲስ ተነሱ፤ ሁለቱም ፕሮፔለሮች ቆሙ። ሁለት ሞተር መኖሩ አላዳነም፤ ሁለቱም የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነበርና።

መፍትሄው ለሞተሩ ብቻ የሚሠራ፣ ከሌላው ጭነት በዳዮድ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ፣ የተለየ ሁለተኛ ባትሪ ነው። ሁለተኛው የነዳጅ ፓምፕ የራሱ ፊውዝና የራሱ ማብሪያ ይኑረው። መመለሻ ሽቦዎቹን፣ ማሳ የሚባሉትን፣ ሁሉ በአንድ ቡሎን ላይ አይሰብስቡ፤ ያ ቡሎን ከላላ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ከዚያም ሞተሩ የሚወስደውን አምፔር ይለኩ። 15 አምፔር ከወሰደና ባትሪው 17 አምፔር ሰዓት ቢሆን በወረቀት ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይመስላል፤ እኔ ግን በግማሹ አስልቼ ነው የምበረው።

ሞተሩ ሳይጠፋ በድንገት በራሱ ጉልበቱን ከቀነሰ ጥፋተኛው የመኪናው ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። አንድ ሴንሰር ሲበላሽ መኪናውን በዝግታ ወደ ጋራዥ እንዲወስድ ታዝዟል፤ ለአውሮፕላን ያ ትእዛዝ በዛፎች አናት ላይ መቅረት ነው። ይህ ጠባይ የሌለው ኮምፒውተር ይግጠሙ።

ምልክት፦ በአንድ የዙር መጠን ላይ ይንኮሻኮሻል፤ ከዚያ በላይና በታች ጸጥ ይላል

ይህን ድምፅ አይልመዱት። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይመታል፤ በ1800 ዙር በሰከንድ 60 ምት ነው። በምቶቹ መካከል ሞተሩ ሲያመነታ ፕሮፔለሩ በራሱ ክብደት መዞሩን ይቀጥላል፤ የማርሹ ጥርሶች አንዴ በፊታቸው፣ አንዴ በጀርባቸው ይጋጫሉ። የምቱ ፍጥነት ዘንጉ በተፈጥሮው ከሚጠማዘዝበት ፍጥነት ጋር ሲገጥም ጠመዝማዛው እየተደራረበ ብረት ይቆርጣል። ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ላይ ምቶቹ ስለሚራራቁ ነገሩ ይብሳል።

መጀመሪያ ቀላሉን ይሞክሩ፤ የስራ ፈት ዙሩን፣ ጋዝ ሳይሰጥ የሚዞርበትን፣ ከፍ ያድርጉ። ሮታክስ 912 የተባለው የትናንሽ አውሮፕላኖች ሞተር ከ1400 ዙር በታች እንዳይሠራ የተከለከለው ለማርሹ ተብሎ ነው። ሁለት ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከሆነ ሁለቱ እኩል መክፈታቸውን ይለኩ፤ አለመስማማታቸው በዝቅተኛ ዙር ሞተሩን ሲያንቀጠቅጥ ማርሹ ይታማል። ቀጥሎ በሞተሩና በማርሹ መካከል ያለውን የጎማ መጋጠሚያ ፈትተው ስንጥቅ ይፈልጉ። ጎማው የለሰለሰ ሲሆን አደገኛው ፍጥነት ከስራ ፈት ዙሩ በታች ይወርዳል፤ ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ብቻ ያልፍበታል። ፕሮፔለሩም ይመዘን። ሮታክስ ለ912 የሚፈቅደው የዙረት ግትርነት (ፕሮፔለሩ የዙሩን ለውጥ የሚቃወምበት መጠን) እስከ 6000 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ካሬ ብቻ ነው፤ ከባድ የብረት ፕሮፔለር ከዚህ በላይ ይሄዳል። እንጨት ወይም የተደራረበ ቃጫ (ኮምፖዚት) ይሻላል።

ማርሽ የሌለው ሞተርም አያመልጥም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1969 ባሉት የሞዴል ዓመታት የወጣው የሸቭሮሌ ኮርቬር መኪና ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ፕሮፔለሩን በቀጥታ ያዞራል። መኪናው ውስጥ ዋናው ዘንግ የሚጠመዘዘው ብቻ ነበር፤ በአውሮፕላን ላይ አፍንጫው በፈጣኑ ሲዞር ፕሮፔለሩ ዘንጉን ያጎብጠዋል። የተሰበሩ ዘንጎች ከታዩ በኋላ ነው ከፊት አምስተኛ ኩሽኔታ መጨመር የተለመደው።

ምልክት፦ ሞተሩ የተባለለትን ጉልበት አይሰጥም

አውሮፕላኑ ታስሮ ሙሉ ጋዝ ሲሰጥ ዙሩ ከሚጠበቀው በታች ከቀረ የፕሮፔለሩ ምላጭ ብዙ አየር ነክሷል፤ ማዘንበያውን በአንድ ዲግሪ እየቀነሱ ይሞክሩ። ዙሩ ልክ ሆኖ ጩኸት በዝቶ ግፊት ካነሰ ደግሞ የመቀነሻው ምጣኔ ትክክል አይደለም። 1.83 ሜትር ስፋት ያለው ፕሮፔለር በ2700 ዙር ጫፉ በሰከንድ 259 ሜትር ይጓዛል፤ በ5000 ዙር 479 ሜትር፣ ከድምፅ ፍጥነት በላይ። ያኔ ጉልበቱ ወደ ጩኸት ይለወጣል።

ጉልበቱ በበረራ ላይ ቀስ በቀስ ከወረደና አየሩ እርጥብ ከሆነ የካርቡሬተር በረዶ ነው፤ ውጭ 20 ዲግሪ ቢሆንም ይከሰታል። የካርቡሬተሩን ማሞቂያ ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ። መጀመሪያ ሞተሩ ይባስ ይንገዳገዳል፤ አይዝጉት።

ምልክት፦ ሲነሳ አፍንጫው ወደ ለመደው ሳይሆን ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል

በችንጋ የሚቀንስ ማርሽ የሞተሩን አቅጣጫ ይጠብቃል፤ ሁለት ጥርሶች የተነካከሱበት ግን ይገለብጠዋል። ፕሮፔለሩ በተቃራኒ ከዞረ የአብራሪው እግር የለመደው ፔዳል ጠላት ይሆናል፤ ለአሮጌው ሞተር ተብሎ የተዛነፈው ቀጥ ያለ ጅራትም በተቃራኒ ይሠራል። መዛነፉን ያስተካክሉ። ከዚያ አውሮፕላኑን ውሃና ዘይት ተሞልቶ በሦስት ሚዛን ላይ ያቁሙት፤ አፍንጫው ከብዶ ከተገኘ ባትሪውን ወደ ኋላ መውሰድ ለማመዛዘን የእርሳስ ክብደት ከመጨመር ይሻላል።

ምልክት፦ ዘይቱ ቶሎ ይጠቁራል፣ ይወፍራል

እርሳስ ያለበት የአቪዬሽን ቤንዚን የሚጠቀሙ ከሆነ እርሳሱ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነ ዘይት ደግሞ እርሳሱን አንጠልጥሎ መያዝ ስለማይችል ጭቃ ይሆናል። ከፊል ሰው ሠራሽ ይጠቀሙ፣ የመለወጫ ጊዜውን ያሳጥሩ። በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰርም በእርሳስ ይታወራል።

በየለውጡ ፊልትሮውን በመጋዝ ሳይሆን በቧንቧ መቁረጫ ከፍተው ወረቀቱን ዘርግተው ማግኔት ያሳልፉበት። ማግኔት የሚስበው ብናኝ ከማርሽ፣ ከዘንግ ወይም ከሲሊንደር ግድግዳ የመጣ ብረት ነው፤ የማይስበው ብርማ ብናኝ ከፒስቶን ወይም ከሞተሩ አካል የተፋቀ አልሙኒየም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ፊልትሮ ወረቀት አይጣሉ። ቀኑንና የበረራ ሰዓቱን ጽፈው በሚያሳይ ከረጢት ያስቀምጡት፤ ቀጣዩን ከጎኑ አድርገው ያስተያዩታል።