የተደጋገሙ ፋይሎችን ከተርሚናል (ትእዛዝ በፅሁፍ ከሚሰጥበት መስኮት) ማጥፋት እንዴት ነው?

ላፕቶፔ ሞልቷል ሲለኝ ባየው የእህቴ የሰርግ ፎቶ አራት ቦታ ተቀምጧል፣ አንዱ ከፍላሽ የገለበጥኩት፣ አንዱ ዳውንሎድስ ውስጥ፣ ሌሎቹን መቼ እንዳስቀመጥኳቸውም አላውቅ። አንድ ባንድ እያየሁ ላጥፋ ብል ክረምቱ ያልቅ ነበር። ለዚ ኤፍዱፕስ ሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ እኔ ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፋንታ ሚጫን ሊኑክስ) ላይ ነው ምጠቀመው። ትእዛዞቹን እዚ እንደሚነበቡት ነው የፃፍኳቸው፣ እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል አስገቡ።

መጀመሪያ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤፍዱፕስ ብላችሁ ጫኑት። ፓስወርድ ስትፅፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፣ አትደንግጡ እየተፃፈ ነው።

ከዛ ሲዲ በሚባለው ፎልደር መግቢያ ትእዛዝ ፎቶዎቹ ያሉበት ፎልደር ግቡ። ኮምፒውተሩን በሙሉ አትስጡት፣ የፕሮግራሞች ፋይል ሆን ተብሎ ሁለት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል፣ አንዱን ካጠፋችሁ የሆነ ነገር መስራት ያቆማል።

ገብታችሁ ኤፍዱፕስ፣ ስፔስ፣ ሰረዝ ኤም አር፣ ስፔስ፣ ነጥብ። ኤም ስንት ዱፕሊኬት (የተደጋገመ ፋይል) እንዳለና ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ብቻ ይነግራችኋል፣ አር የውስጥ ፎልደሮችንም ያስፈትሻል፣ ነጥቧ ደሞ ያለሁበት ፎልደር ማለት ናት። አር ኤም ብሎ ማገላበጥም ይሰራል ግን አር ኤም ለብቻው የማጥፊያ ትእዛዝ ስለሆነ እኔ አልወደውም። በኤም ፋንታ ትልቁን ኤስ ካደረጋችሁ ዝርዝሩን ከነመጠኑ ያወጣል። እስካሁን ምንም አልጠፋም።

ሚያስተያየው በስም አይደለም። መጠናቸው እኩል የሆኑትን ለይቶ መጨረሻ ላይ ባይት በባይት ያመሳክራል፣ ስለዚ ስሙ ቢቀየርም ያገኘዋል። ቴሌግራም ጨምቆ የላከው ፎቶ ግን ላይን አንድ ቢመስልም ሌላ ፋይል ነው፣ እሱን ራሳችሁ ፈልጉ።

ማጥፊያው ያው ትእዛዝ ነው፣ በሰረዝ ኤም አር ፋንታ ሰረዝ አር ዲ ሆኖ ትልቁ ፒ ይጨመርበታል፣ ፒዋ ከሌለች አዲሶቹ ቨርዥኖች ሚያደናግር ስክሪን ይከፍታሉ። ተመሳሳዮቹን ቁጥር ሰጥቶ ይደረድርና ይጠይቃችኋል፣ እና እዚ ጋ ነው ጥንቃቄው፣ ምትፅፉት ቁጥር ሚቀረውን ነው ሚጠፋውን አይደለም! እኔ ገልብጬ ተረድቼው ባመት ባመቱ የደረደርኩትን አጥፍቼ የፍላሹን ዝብርቅርቅ አስቀረሁ፣ ፎቶው አለ ድርደራው ግን ገደል ገባ። ትራሽ ውስጥም አይገኝም፣ አንዴ ከሄደ ሄደ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ኦል ብላችሁ ፃፉ ሁሉንም ይተዋል። ትልቁን ኤን ከጨመራችሁ ደሞ ሳይጠይቅ የመጀመሪያውን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይጠርጋል፣ ባክአፕ (ሌላ ቦታ ያስቀመጣችሁት ቅጂ) ሳይኖራችሁ አትሞክሩት።

ስትጨርሱ ኤም አሯን ድገሟት፣ ኖ ዱፕሊኬትስ ፋውንድ ካለ አልቋል።