ስለ ጣናና ስለ ከተማችን በፌስቡክ ሲጽፉ ሕጉ የሚጠብቅዎ እስከ የት ነው?

በባሕር ዳር ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ መቋረጥና ስለ እምቦጭ የሚነሣው ቅሬታ ዛሬ በብዛት የሚሰማው በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ሐሳቡን በቃል፣ በጽሑፍ፣ በሥነ ጥበብ ወይም በመረጠው በማንኛውም ማሰራጫ የመግለጽ ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል። ሆኖም ያው አንቀጽ የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊጣል እንደሚችል ስለሚናገር፣ «መብቴ ነው» ማለት ብቻውን አያዋጣም።

በሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ፍሳሹን ወደ ጣና ይለቃል ብለው ሊጽፉ ነው እንበል። ከሁሉ አስቀድሞ ያዩትን ከሚያስቡት ይለዩ። «ከሆቴሉ ጀርባ ከወጣው ቱቦ ጥቁር ውኃ ወደ ሐይቁ ሲፈስ አይቻለሁ» ማለት ቀኑና ሰዓቱ ተጠቅሶ በፎቶግራፍ ሊረጋገጥ የሚችል ፍሬ ነገር ነው። «ከተማው ሆቴሎችን በሚገባ አይቆጣጠርም» ማለት አስተያየት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2046ም የሕዝብን ጥቅም በሚመለከት ጉዳይ ላይ አስተያየት የሰጠን ሰው፣ የተናገረው ፍጹም ሐሰት መሆኑን እያወቀ ካልሆነ በቀር፣ በስም ማጥፋት ተጠያቂ አያደርገውም። «ኃላፊው ጉቦ በልቶ ዝም አለ» የሚለው ግን ማስረጃ የሚጠይቅ ክስ ነውና፣ ማስረጃው በእጅዎ ከሌለ ዐረፍተ ነገሩን ያውጡት። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኢንተርኔት የሚፈጸም ስም ማጥፋትን፣ ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ በወንጀል ያስቀጣል። ነገሩን ከባለሆቴሉ ወደ ብሔሩ ወይም ወደ ሃይማኖቱ ካዞሩት ደግሞ ስለ ሐይቁ መጻፍዎ ቀርቶ የጥላቻ ንግግር ወደሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ገብተዋል።

ይህ አዋጅ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ማንኛውንም ስሕተት አይደለም፤ አሰራጪው ሐሰትነቱን የሚያውቀው ወይም ሊያውቅ ይገባው የነበረና ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍ ያለ ንግግር ነው። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ሲሆን፣ የገጹ ተከታዮች ከ5,000 ከበለጡ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ላይክ ማድረግና ታግ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠሩም፤ ሼር ሲያደርጉ ግን ራስዎ እንደጻፉት አድርገው ይጠንቀቁ። ከሁሉ የሚጠቅመው፣ እውነትነቱን ለማጣራት በሁኔታው ተገቢ ጥረት ያደረገ ሰው ነጻ የሚሆንበት ድንጋጌ መኖሩ ነው። ስለዚህ ዋናውን ፎቶግራፍ አያጥፉ፤ ለሆቴሉ ጥያቄ የላኩበትን መልእክትና መልሱን በስክሪንሾት ያስቀምጡ፤ ስሕተት ከተገኘም ጽሑፉን በዝምታ ከማጥፋት ይልቅ እርማቱን እዚያው ይጻፉ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲኖር ስሌቱ ይለወጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በዚህ ጊዜ ሊነኩ አይችሉም ብሎ ከዘረዘራቸው መብቶች መካከል አንቀጽ 29 የለም። በሐምሌ 2015 ማብቂያ በአማራ ክልል የታወጀውን ያሳለፈ የባሕር ዳር ነዋሪ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ፣ ከመጻፍዎ በፊት የአዋጁን ዝርዝር ክልከላዎች ያንብቡ።

በጻፉት ነገር ከተያዙ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዙበትን ምክንያት በሚገባዎት ቋንቋ የማወቅ፣ ያለመናገር፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት የመቅረብና ዋስትና የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት ስላለው፣ ቤተሰብዎ አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል። የጠበቃዎን ስልክ ቁጥር ግን ለቤተሰብዎ አስቀድመው በወረቀት ጽፈው ይስጡ፤ መጀመሪያ የሚወሰደው የእጅ ስልክዎ ሊሆን ይችላልና።