ከውጭ አገር አዲስ አበባ ለጉዳይ ስትመጡ የት ማረፍ ይሻላል?

"ቦሌ ያዝ፣ ሌላ አታስብ" አሉኝ ሁሉም። በመጀመሪያው ጉዞዬ እኔም የተባልኩትን አደረግሁ። የመጣሁት የአባቴን ቤት ካርታ ወደ ወራሾቹ ስም ለማዛወር ነበር። የሦስት ሳምንት ፈቃድ፣ አንድ ቦርሳ ሙሉ ወረቀት፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ፈርኒሽድ አፓርታማ። ክፍሉ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ፣ ቢሮው መሐል ከተማ ነው። በሁለት ሰዓት ተኩል የሚከፈት ቢሮ አራት ሰዓት ላይ ስደርስ "ባለሙያዋ ስብሰባ ገብታለች፣ ከሰዓት ተመለስ" ይሉኛል። ከሰዓት ስመለስ ደግሞ "ሲስተም የለም።" አንድ ሳምንት እንዲሁ ሄደ።

በሁለተኛው ጉዞ ከዚያው ቢሮ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ የሚሆን ገስት ሃውስ ያዝኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ምንጣፉም አርጅቷል። ግን ቢሮው ሳይከፈት እኔ በሩ ላይ ነኝ። ከበሩ ማዶ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት አለች። አራት ዱካ፣ አንድ ረከቦት፣ ከላይ የተወጠረ ሸራ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የማን መኪና ቆሟል፣ ሁሉንም ታያለች። በአራተኛው ቀን ቡናዬን እየቀዳች ቀና አለችና "ጋሼ፣ የሚፈልጓት ልጅ ገብታለች። ይሂዱ፣ ቡናውን ተመልሰው ይጠጣሉ" አለችኝ። ተነስቼ ሮጥኩ። ስንት ቀን የለፋሁበት ፊርማ በሩብ ሰዓት አለቀ።

ስለዚህ ማረፊያ ከመያዛችሁ በፊት ፋይላችሁ የት እንዳለ አጣሩ። "ድሮ ቀበሌያችን እዚህ ጋ ነበር" ማለት አሁን አይሠራም። ፒያሳ የነበረው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል፣ የካዛንቺስ ሰፊው ክፍል ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ተከትሏል። ሰፈር ሲነሳ ቢሮም ሊነሳ ይችላል። አገር ቤት ያለ ሰው በእግሩ ሄዶ መዝገብ ቤቱን ይጠይቅላችሁ። በስልክ የተነገረ አድራሻ አትመኑ፣ ሄዶ ያየ ሰው ይንገራችሁ።

እግረ መንገዴን፣ ብዙ ጉዳይ እናንተ ሳትመጡም በውክልና ያልቃል። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳችሁ ትፈርማላችሁ፣ ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር ላይ ነው። "ጠቅላላ ውክልና ሰጥቻለሁ" ብሎ ይተኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ አይበቃም። መሸጥ የሚለው ቃል በግልጽ መጻፍ አለበት። ይህን ሳያውቁ ቀርተው ለአንዲት ቃል ብለው ትኬት የቆረጡ ሰዎች አውቃለሁ።

እንግዲህ መምጣት ግድ ከሆነ፣ ጉዳያችሁ አራዳ አካባቢ ከሆነ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ እረፉ። እኔ እዚህ ላይ አዳላለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ፒያሳ ነው፣ ታክሲ ወደ ሁሉም አቅጣጫ አለ፣ ከፒያሳ አራት ኪሎም በእግር ይደረሳል። የምኒልክ ሐውልት፣ ጊዮርጊስ፣ በየካቲት 2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሁሉም እዚያው ናቸው። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴልም በ2007 ዓ.ም. በእሳት ቢጎዳም ስሙና ቦታው አለ። ቢሮ ሲዘጋባችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ አምስት ኪሎ ወጣ ብትሉ ድንቅነሽን በብሔራዊ ሙዚየም ታገኟታላችሁ።

ጣጣውንም ልንገራችሁ። ጊዮርጊስ አጠገብ የተኛ ሰው ሌሊት ቅዳሴ ይሰማል። የበዓል ዋዜማ ከሆነ ማኅሌቱ እስኪነጋ ነው። ለእኔ ይህ ናፍቆቴ ነው፣ መስኮት ከፍቼ ነው የምሰማው። ባለቤቴ ግን የጆሮ ጥጥ ይዛ ነው የምትመጣው። የድሮዋን ፒያሳ ፍለጋ ከሆነ የምትመጡት ደግሞ ልባችሁን አዘጋጁ። ያደግንበት ጉራንጉር አብዛኛው ሰፊ መንገድ ሆኗል። እኔ የጓደኛዬን ቤት ስፈልግ የቆምኩት የእግረኛ መንገድ ላይ፣ አዲስ የተተከለ መብራት ሥር ነበር።

የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ልደታ ይያዝ። የፌዴራል ከፍተኛው ፍርድ ቤት እዚያ ነው፣ ሰንጋ ተራ ያሉት የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶችም ቅርብ ናቸው። ልደታ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ኮንዶሚኒየም አለ፣ ዋጋውም ከቦሌ ይሻላል። ግን ብዙው ሊፍት የለውም። እናታችሁን ይዛችሁ ከሆነ "ስንተኛ ፎቅ ነው?" ሳትሉ እንዳትከፍሉ። ከተማው ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደረጃ ለወጣቱም ያስተነፍሳል።

ካዛንቺስ የውጭ ጉዳይና የሂልተን አካባቢ ጉዳይ ላለው ይመቻል። የድሮውን ካዛንቺስ ግን እርሱት።

ቦሌንም አልነቀፍኩም። ጉዳያችሁ ቦሌ ክፍለ ከተማ ከሆነ፣ ወይም ለሠርግና ለዕረፍት ብቻ ከሆነ የመጣችሁት፣ ምን አደከማችሁ? እዚያው እረፉ።

ቤት ስትይዙ ፎቶ አይሸውዳችሁ። ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሮቶ አለ? ጀነሬተር አለ? ከሥር ወይም ከጎን ጭፈራ ቤት አለ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ቤት፣ ሻወሩ እብነ በረድ ቢሆን ምን ይሠራል? እኔ አንዴ በጆግ ታጥቤ ቢሮ ገብቻለሁ። ደግሞ "ፔንሲዮን" የሚል ታፔላ ስታዩ ጠይቁ። አንዳንዱ ደህና ማደሪያ ነው። አንዳንዱ ግን እንግዳው የሚቀያየረው በሰዓት ነው። አክስቴን ይዤ አንዱ ደጃፍ የቆምኩበትን ቀን አልረሳውም። እሷ ታፔላውን አየችና ነጠላዋን አስተካክላ "ልጄ፣ እዚህስ አናድርም" አለች።

ጊዜውም ከሰፈሩ አያንስም። በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አለ። ሆቴል ይሞላል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ መሪ ባለፈ ቁጥር የቦሌ መንገድ ይዘጋል። ነሐሴና መስከረም ላይ ፍርድ ቤቶች የክረምት ዕረፍት ስለሚወጡ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ቀጠሮ አታገኙም። የዳያስፖራው ፈቃድ ግን የሚበዛው በዚያው ሰሞን ነው። አርብ የምሳ ዕረፍቱ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ነው። አርብ አምስት ሰዓት ላይ ሮጣችሁ አትድከሙ።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ዘመድ ነው። "ቤት እያለ ሆቴል? ሰው ምን ይላል?" የሚለውን ሁላችንም ሰምተነዋል። አክስቴ በመጀመሪያው ጉዞዬ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ቤቷ ከተማው ጫፍ፣ አያት ነው። እዚያ ካደርኩ ጠዋቴ በመንገድ ያልቃል። ቀላል ባቡር አለ፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ይሄዳል፣ ግን ቆሞ መጠበቁና ግፊያው ለቢሮ ቀን አይሆንም።

አሁን የደረስንበት ስምምነት እንዲህ ነው። ስገባ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች የእሷ ናቸው። ዶሮው ተሠርቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ "ከስተሃል" ተብዬ ያልፋል። ከዚያ ሰኞ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ወደ መሐል ከተማ እወርዳለሁ። ምክንያቱን ስነግራት "ጉዳይ ነው፣ ማታ ማታ እደውላለሁ" ነው የምላት፣ እደውላለሁም። ጉዳዩ አለቀም አላለቀም የመጨረሻዎቹ ሁለት ሌሊቶች ደግሞ የእሷ ናቸው።

በነዚያ ሁለት ሌሊቶች ሳሎኗ መጋዘን ይሆናል። በርበሬው በእጥፍ ፌስታል፣ ሽሮው በጣሳ፣ ድርቆሹ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይደረደራል። ትንሿን የእጅ ሚዛን ይዛችሁ ኑ። 23 ኪሎ ሲሞላ አክስቴ ሚዛኑን ከእጄ ትቀበልና አንድ ጊዜ ነቅነቅ አድርጋ ታየዋለች። "ይሄ እንኳ ተበላሽቷል፣ የኔ ልጅ" ትልና ሌላ ሁለት ኪሎ ቆሎ ትጨምራለች።