ከደጀን ቁልቁለት የነዳጅ ማከማቻ ድንጋይን እንዴት መለየትና መለካት ይቻላል

ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ የተኛ ይመስላል። እንዲያ አይደለም። የሚገኘው ድንጋይ ውስጥ፣ በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ባሉ ዓይን በማይለያቸው ክፍተቶች ነው። ይህን በእጅ ነክቶ ለመረዳት ጎጃም ውስጥ ከዓባይ በረሃ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ከደጀን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ገደሉን ተመልከቱ። ከላይ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ጥቁር ባዛልት አለ። ዝቅ ሲባል የኖራ ድንጋይ በእርከን በእርከን ይመጣል፤ ቀጥሎ ጂፕሰምና ለስላሳ የጭቃ ድንጋይ፤ ወንዙ አጠገብ ቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ። ይህ የመጨረሻው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይባላል። ኦጋዴን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 በተገኘው የካሉብ ጋዝ መስክ ጋዝ ከያዙት ድንጋዮች አንዱ ይኸው ነው።

ለሙከራው ከወደቀ ቁራጭ ጡጫ የሚያህል አሸዋ ድንጋይ አንሱ። ገደሉ ሥር ገብታችሁ አትፈልፍሉ፤ በተለይ በክረምት ናዳ አለ። ፀሐይና ዝናብ የበላውን ቅርፊት በመዶሻ አንሱለት፤ ቅርፊቱ ከውስጡ ይልቅ ክፍተቱ ሊበዛ ስለሚችል ያሳስታል።

ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ተመዝኖ ክብደቱ እስከማይለወጥ ድረስ አድርቁትና መዝኑት፤ ሚዛኑ 1 ግራም የሚለይ ይሁን። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ ቀስ በቀስ አፍሉት፣ 2 ሰዓት ያህል ይንተክተክ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ይደርም። መፍላቱ አየሩን ያስወጣል፤ ሲቀዝቅዝ ውሃው በቦታው ይገባል። ስታወጡት በረጠበ ጨርቅ አብሱት። ደረቅ ጨርቅ ክፍተቱ ውስጥ የገባውን ውሃ ይመጠዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንደገና መዝኑት። በመጨረሻም ውሃ የያዘ ጎድጓዳ ሳህን ሚዛን ላይ አስቀምጡ፣ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ፣ ድንጋዩን በክር አንጠልጥላችሁ ሳህኑን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የድንጋዩ ይዘት ነው፣ በኩብ ሴንቲ ሜትር።

ደረቁ 490 ግራም፣ የራሰው 522፣ የተንጠለጠለው 217 ቢሆን፣ የገባው ውሃ 32 ነው። 32 ለ217 ሲካፈል ክፍተቱ 15 በመቶ ገደማ፤ ለማከማቻ ድንጋይ ደህና ቁጥር ነው። ልኬታችሁን ለማረጋገጥ ደግሞ 490ን ለ185 አካፍሉ፤ 185ቱ ከ217 ላይ 32 ተቀንሶ የቀረው ነው። 2.65 ይመጣል፣ የኳርትዝ እፍጋትም ይኸው ነው። ከአሸዋ ድንጋይ 2.5 ብቻ ካገኛችሁ ውስጡ አየር ቀርቷልና ድገሙት።

ክፍተት መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ እርስ በርሱ መገናኘት አለበት። ትኩስ ስብራቱን አድርቃችሁ ውሃ ጣል አድርጉበት። ወዲያው ከጠጣው አሳላፊ ነው፤ ጠብታው ከላይ ከቆመ ጠባብ ነው። ምልክት እንጂ ልኬት አይደለም፤ ትክክለኛው ልኬት ሚሊዳርሲ በሚባል የማሳለፍ አቅም መለኪያ በላቦራቶሪ ይሠራል። የጭቃ ድንጋይ ብዙ ክፍተት ኖሮት እንኳ ቀዳዳው እጅግ ስለሚደቅ ፈሳሽ አያሳልፍም። ለዚህም ነው ክዳን የሚሆነው፤ ያለ ክዳን ነዳጁ ከውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ያመልጣል። ዓባይ ሸለቆውን ሲቆርጥ ክዳኑንም አብሮ ቆርጦታል፤ ስለዚህ ነዳጅ የሚፈለገው እዚሁ ገደል ላይ ሳይሆን ድርብርቡ ሳይቆረጥ በተቀበረበት፣ ወደ ላይ በጎበጠበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ በጥልቀት ተቀብሮ ከ60 እስከ 150 ዲግሪ ገደማ የሞቀ አመንጪ ድንጋይ፣ ማለትም ነዳጁ የሚፈጠርበት ድንጋይ፣ መኖር አለበት።

እንዲህ ያለ ድንጋይ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፍቶ 20 ሜትር ቢወፍር ይዘቱ 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። 15 በመቶው 3 ሚሊዮን። የክፍተቱን 30 በመቶ ውሃ ቢይዘው 2.1 ሚሊዮን ይቀራል። ነዳጁ ላይ ሲወጣ የሟሟበት ጋዝ ተለይቶት ስለሚኮማተር ለ1.2 ይካፈላል፤ 1.75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ወይም 11 ሚሊዮን በርሜል ገደማ። ሁሉም አይወጣም። የሟሟው ጋዝ ብቻ ሲገፋው ብዙ ጊዜ ከሩቡ በታች ነው የሚገኘው።

ጉድጓዱ ሲቆፈር የብረት ቱቦ ይገባል፣ በቱቦውና በድንጋዩ መካከል ሲሚንቶ ይሞላል፣ ቱቦው በማከማቻው ትይዩ በፈንጂ ይበሳል። ሲሚንቶው ከሳሳ ውሃ ከሌላ ድርብርብ በቱቦው ጀርባ ይመጣል። ነዳጁን የሚገፋው በድንጋዩና በጉድጓዱ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ስለሆነ ቫልቩን በሰፊው መክፈት ያጓጓል። ያኔ ከነዳጁ ሥር ያለው ውሃ እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾሎ ወደ ቀዳዳዎቹ ይወጣል፣ አሸዋም ተነቅሎ ቱቦውን ይበላል። ስለዚህ የነዳጁ፣ የውሃውና የጋዙ መጠን በየቀኑ ይለካ። የውሃው ድርሻ መጨመር ሲጀምር ቫልቩን አጥብቡና ለውጡን ጠብቁ። ካልቀነሰ የታችኛዎቹ ቀዳዳዎች በሲሚንቶ ተደፍነው ቱቦው ከፍ ብሎ እንደገና ይበሳል።